አውራ ጣት የምታህል ጄሶ

ጫማ ሰፊው እሷን ከማየቱ በፊት ያየው ጫማዋን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይህን እያነሡ «ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ታዲያ ምን ሊያይ ኖሯል» ብለው ይስቁ ነበር። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር። ያኔ ገና መሳቅ ታውቅበታለች።

ቤቱ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው። አንድ ረጅም ክፍል፤ ከወዲህ ጫፍ የጄሶው ጠረጴዛ፣ መካከል ላይ ጆሮ የሚያደነቁረው ማሽን፣ ከወዲያ ጫፍ በመስኮቱ ሥር የጫማ ሰፊው ዝቅ ያለች ወንበር። በጄሶው ጠረጴዛ የምትሠራው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆና ስለምትውል «ዱቄት» ይሏታል። በዓለም ላይ ስንት የሚያምር ቅጽል ስም ሞልቶ ዱቄት መባሏ ያናድዳት ነበር። ጫማ ሰፊው «ዱቄቴ» ብሎ እስኪጠራት ድረስ ማለት ነው።

እሱ ለቤቱ እንግዳ ነበር። በገባ በሳምንቱ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰባትና በአንድ እግሯ እያነከሰች ወሰደችለት። ተቀበላት፤ ማሰሪያውን ትቶ ጫማውን ገልብጦ ሥር ሥሩን ማየት ያዘ።

«የተበጠሰው ማሰሪያው ነው» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ከሥር ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ድሮ ቀጥ ብለሽ ነበር የምትሄጂው» አለ ተረከዙን በጣቱ እየዳበሰ። «ኋላ ነው ወደ ግራ የዘመምሽው። ባለፈው ዓመት ግድም አንድ ነገር ከብዶሻል።»

ጠንቋይ ነህ እንዴ ብላ ልትቀልድበት አፏን ከፈተች። ታናሽ ወንድሟ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ሾፌሩ ሳያርፍ ሲነዳ ውሎ አድሮ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። የቤታቸው ሳቅ የነበረ ልጅ እንዲሁ በሰው እንቅልፍ ሄደ።

ጫማ ሰፊው ቀና አለ። እንባዋ በጄሶው መካከል መንገድ ሲያወጣ አየ። ምን ሆነሽ አላላትም፣ አይዞሽም አላላትም። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ከቆዳ ቁርጥራጮቹ አንዲት ስስ መረጠና ግራው ተረከዝ ላይ ለጠፈላት።

«ጫማው ከተስተካከለ ሰውየውም እያደር ይስተካከላል» አለ።

የፍቅራቸው መነሻ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ የጄሶዋ ልጅ ጫማ በየምክንያቱ መበጠስ ጀመረ። የማሽኑ ሠራተኛ «የዚች ልጅ እግር ጥርስ አለው እንዴ» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀ።

በምሳ ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። «ያቺን እያት፣ ቸኩላለች» ይላታል። «ይኼኛው ደግሞ ቤቱ መግባት አይፈልግም። ተረከዙን እየጎተተ ነው።» እሷም ቀስ በቀስ ሰውን ከጫማው ማንበብ ለመደች። የእሱን ሥራ ደግሞ ከመቶ ጫማ መካከል ትለየዋለች፤ ግራኝ ስለሆነ ስፌቱ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ብዙ አያወራም። ሲያያት ግን ወስፌውን ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፤ እሷን እያየ ሌላ ነገር መያዝ አይችልም።

ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። እሷ ከመዘምራኑ ጋር ፊት ለፊት ትቆማለች፤ እሱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። አንድ እሑድ ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ «ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የምወደው አንቺን ነው» አላት።

«እኔ ሁለተኛ መውጣት አልወድም። ትምህርት ቤትም አንደኛ ነበርኩ።»

ጆሮው ድረስ ሲቀላ አንጀቷን በላው።

«አንደኛው እሱ ከሆነ ግን ይሁን» አለች።

ለጋብቻው ሊነጋገሩ ቄሱ ዘንድ ሲሄዱም እንዲሁ ሆነ። ቄሱ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ አላቸው፤ «በልባችሁ የሚቀድመው ማነው?» ይላሉ። ሁለቱም እንደ ተማሪ በአንድ አፍ «እግዚአብሔር» ብለው መለሱና እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። ቄሱም ሳቁ። «መልሱን አውቃችኋል፤ ፈተናው ግን ገና ነው» አሉ። እነሱ ግን ያለፉ መስሏቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። እናቷ የሠርጉን ወር ቆረጠች።

* * *

አንድ ጠዋት አለቃ ጠሯት። ሥራ ሲያስተምሩ የሚቆጡ፣ ሌላ ጊዜ ግን ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ዘጉ።

«ዛሬ የሚለካው ሰውዬ ያ ሾፌር ነው። እግሩን ያጣው በዚያው አደጋ ነው። ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። አንቺ ቤትሽ ሂጂ፣ እኔው እለካዋለሁ።»

ወንድሟ ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ፣ ደጅ ሆኖ «ቁልፌን ረሳሁ» ብሎ ሲጮህ ታወሳት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እኔ እሠራዋለሁ» አለች። «እግዚአብሔርን እወዳለሁ ብዬ ከፊቱ ቆሜ እየዘመርኩ፣ ከዚህ ሰው ብሸሽ ምን ትርጉም አለው?»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ሰው ሲዋሽ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው፤ ከልቡ ሲናገርም ልቡን ሳያውቀው ሊናገር ይችላል። አለቃ ዓይናቸው እንባ ቋጠረ። ወሬው ከምሳ በፊት ቤቱን አዳረሰ።

ሾፌሩ አርባዎቹን ያለፈ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። አውቋታል፤ ፍርድ ቤት አይቷታል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከጉልበቱ በታች የቀረችውን እግር ሲሰጣት መሬት መሬት ያይ ነበር። እሷም «ይቅለልዎት፣ አይወጥሩት» ከማለት በቀር አልተናገረችም። ጄሶ የነከረችውን ፋሻ ጠመጠመች፣ በመዳፏ አለሰለሰች። ጄሶ ሲደርቅ ይሞቃል። ሙቀቱ እስኪበርድ ለመጠበቅ ቀና ስትል ሰውየው እንቅልፍ ወስዶታል።

አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። አፉ ገርበብ ብሎ እንደ ሕፃን ይተነፍሳል።

እንዲህ ነበር የተኛው፣ አለች በልቧ። ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እንዲህ።

የደረቀውን የጄሶ ቅርፊት ከእግሩ አውጥታ ሰውየውን ሸኘች። በነጋታው ቅርፊቱን በጄሶ ሞልታ ያወጣችውን የእግሩን ቅርጽ ጠረጴዛዋ ላይ አቁማ በሞረድ ስታስተካክል ዋለች። ሥጋ ሸክም በሚችልበት ቦታ ይፋቃል፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ጄሶ ይጨመራል። በዚያ ቅርጽ ላይ የሚሠራው ማቀፊያ፣ እግሩ የሚገባበት ማለት ነው፣ ያቺን ታህል ክፍት ቦታ ይኖረዋል፤ አጥንት አይነካም። ሥራ የጀመረች ቀን አለቃ ያስተማሯት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ጄሶውን በጎድጓዳ ሳህን በጠበጠች። ማንኪያውን አነሣች። ያ የሰውየው ፊት፣ ያ ሰላማዊ እንቅልፍ ድቅን አለባት። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም፤ ጎንበስ ብላ ስታይ ጄሶው ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

ሌላ መበጥበጥ ትችል ነበር። ነገ እጨምራለሁ አለች።

በማግስቱ ስትገባ የማሽኑ ሠራተኛ ቅርጹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ እያፏጨ ሲሄድ አየችው። «ቆይ» ማለት ብቻ ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። አላለችም።

ማቀፊያው ተሠራ፣ እግሩም ቆመ። ጫማ ሰፊው አዲስ ጥንድ ጫማ ሰፋለት። ሾፌሩ በሁለት እግሩ ከበሩ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ፤ ጫማ ሰፊው ግን እሷን እሷን ነበር የሚያየው። «እንዳንቺ ዓይነት ሰው እግዜር ለኔ ሰጠኝ?» አላት በጆሮዋ። እሷ እጇን በሽርጧ ትጠርግ ነበር። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

እሑድ ቄሱ ስሟን ሳይጠሩ፣ «ጠላትን መውደድ ማለት ምን እንደሆነ ከመካከላችን አንዲት ልጅ በእጇ አሳይታናለች» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ መዘምራኑ ዞረ። መዝሙሩ ሲነሣ ድምፅ አጣች፤ ሳል ይዞኛል ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? የእሷስ ሁለቱም ሆነ። ግድግዳ ተደግፋ የሌላትን ሳል ሳለች።

* * *

ሠርጉ ሲቃረብ ሾፌሩ ጫማውን ሊያሳድስ መጣ። ጫማ ሰፊው ጥንዱን ጭኑ ላይ ገለበጠ። የደህናው እግር ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ የሰው ሠራሹ ግን ትናንት የተሰፋ ይመስላል። ሰውየው አይረግጥበትም ማለት ነው።

«ያምዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ጫማ ሰፊው ጫማውን እንደያዘ የክፍሉን ርዝመት ተራምዶ ወደ ጄሶው ጠረጴዛ መጣ። ሥራ ላይ እያለ ከወንበሩ ሲነሣ ያን ጊዜ ነው ያየችው።

«የዚህን ሰው አጥንት ቦታ ጨምረሽለታል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሳቀች። ያቺን ሳቅ ከየት እንዳመጣቻት ዛሬም አታውቅም። «እንዴት አልጨምርም? ምን ነካህ?»

አያት። እሷም አየችው። ጫማው ላይ ያየውን ዓይኗ ውስጥ ደግሞ አነበበው፤ ማንበቡን እሷም አወቀች። ከዚያ ዓይኑን ሰበር አደረገ፣ ልክ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«እሺ ዱቄቴ» ብሎ ተመለሰ። አዲስ ተረከዝ መታለት፤ ሰውየውን ሸኘው። ሆድ ይፍጀው አለ።

የፍቅር ነገር አስቸጋሪ ነው። ያን ቀን የወደዳትን ያህል ወዷት አያውቅም ይሆናል።

ብዙም አልቆየ፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ማቀፊያው የከፈተው ቁስል አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡለት።

አለቃ ማቀፊያውን አስመጥተው በመጋዝ ሰነጠቁት። ጣታቸውን ሰድደው ዳበሱ፣ ደግመው ዳበሱ። ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የአጥንቱ ቦታ የለም» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አይዞሽ ልጄ። ጥፋቱ የሁላችን ነው፤ እኔም ሳላየው አልፌዋለሁ። የሰው እጅ ይስታል።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አንገቷን ደፍታ መውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ እንደውም ታሳዝናለች።

ጫማ ሰፊው ከወንበሩ ተነሣ።

«እኔ አውቅ ነበር» አለ። «ጫማውን ገልብጬ አይቻለሁ። የተሠራው ልክ እንዳልሆነ አውቄ፣ ዝም ብዬ ተረከዝ መታሁለት።» የእሷን ነገር አላነሣም። ስለ ራሱ ብቻ ተናግሮ ጨረሰ።

እሷ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ አየች። እነዚህ ሰዎች ይወዷታል። ከዚህ ቀጥሎ የምትናገረው ቃል ያንን ፍቅር፣ ሠርጓን፣ ከመዘምራኑ ፊት የምትቆምበትን ቦታ፣ ሁሉንም ይወስዳል። በልብሽ የሚቀድመው ማነው የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተጠየቀችው እዚያ፣ በጄሶ አቧራ መካከል ነው። መልሱም እንደዚያን ጊዜ ቶሎ አልመጣም።

«እጄ አልሳተም» አለች።

አለቃ የሰሙት አልመሰላቸውም። «ምን አልሽ?»

«ጄሶውን በጥብጬ ነበር። እያየሁት ደረቀ። በማግስቱ ቅርጹ ሲወሰድ ቆሜ አየሁ። ማስቆም እችል ነበር። አልሳትኩም።»

አለቃ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ሽርጥሽን አውልቂ» አሉ እንጂ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

* * *

ውጭ፣ የእንጨት ቁርጥራጭ በሚጣልበት ግቢ ውስጥ ጫማ ሰፊውን አገኘችው። ግድግዳ ሥር ተቀምጦ መዳፉን ያያል። አጠገቡ ቆመች።

«ለምን ዝም አልከኝ?» አለችው።

«ስለምወድሽ።»

«ያን ቀን ጫማውን ይዘህ ስትመጣ በልቤ ያዘኝ፣ ያዘኝ እያልኩ ነበር። አንድ ጊዜ ደግመህ ብትጠይቀኝ እናገር ነበር።»

«አውቃለሁ። ደግሜ ያልጠየቅሁሽ ለዚህ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሣ ተናገረ።

«ቄሱ ሲጠይቁን አፌን ሞልቼ መለስኩ። እሱን አስቀድማለሁ ስል ካንቺ ትንሽ ቆርሼ ለእሱ የምሰጥ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ አይደለም። ያን ቀን እሱን ባስቀድም ኖሮ እጅሽን ይዤ አለቃ ዘንድ እወስድሽ ነበር። ታለቅሺ ነበር፣ ትጠዪኝም ይሆናል። ግን የሰውየው እግር አይቆረጥም፤ አንቺም ይኼን ተሸክመሽ አትቀሪም። አንቺን አስቀደምኩና ይኸው አንቺንም ጣልኩሽ።»

«አሁን እኮ ተናገርን። ሁለታችንም ተናገርን።»

«ተናገርን» አለ። እጇን ያዘ። የእሱ እጅ በቆዳ ሙጫ የጠቆረ፣ የእሷ ነጭ። «አንቺን ሳይ ግን ልቤ አሁንም ዝም በል ይለኛል። ራሴን አውቀዋለሁ ዱቄቴ። ነገ ሌላ ነገር ብታጠፊ ደግሜ እሸፍንልሻለሁ። አንቺም ትሸፍኚልኛለሽ። ፍቅር ነው እያልን እርስ በርሳችን ስንበላሽ እንኖራለን።»

መልሷ «ግድ የለም፣ እንበላሽ» የሚል ነበር። ይህን ደግሞ አፏ እምቢ አለ።

ያን ዕለት ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። የወንድሟ ነው፤ ልጁ ከሞተ ወዲህም ሳምንት እየጠበቀች አጥባ ትተኩሰዋለች። ልጅቱ እንድትጮህባት፣ እንዲያውም በጥፊ እንድትመታት ተመኝታ ነበር። እናቷ ግን ካውያውን ሳታነሣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ደግ አደረግሽ» አለች።

«እማዬ።»

«ደግ አደረግሽ ልጄ። እኔ ብሆን ሁለቱንም እግር ነበር።» ኮሌታውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ልጅቱ የእናቷን ፊት ወንድሟ ሳይሞት ታውቀው ነበር። ያኔ ለሰው የሚራራ ፊት ነበር። አሁን ግን እዚያ ፊት ላይ የራሷን ልብ በመስታወት እንዳየች ሆነና ደነገጠች። ተነሥታ እናቷን ከኋላዋ አቀፈቻት። እናቷ ለረጅም ጊዜ እንደ እንጨት ቆመች፤ ከዚያ ካውያውን ነቀለችና ሸሚዙ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በነጋታው ሐኪም ቤት ሄደች። ጫማ ሰፊው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ለሰውየው ሾርባ ሲያጎርሰው ደረሰች። ብርድ ልብሱ ሥር አንደኛው እግሩ ቶሎ ያልቃል።

«የመጣሁት...» ብላ ጀመረች።

«አውቅ ነበር» አለ ሾፌሩ።

«ምኑን?»

«ሆን ብለሽ እንዳደረግሽው። ከመጀመሪያው ቀን ያመኝ ነበር። የሚገባኝ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ትንፋሽ ወሰደ። «ከዚያ አደጋ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ዓይኔን ስከድን መሪው ይታየኛል። የወሰደኝ እዚያ ወንበር ላይ፣ አንቺ ፋሻውን ስትጠመጥሚ ነው። እጅሽ ለስላሳ ነበር። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ነበር።»

የያዘችው ብርቱካን ከእጇ ወደቀ። ሦስት ሰው ነበሩ፤ ሦስቱም ያውቁ ነበር፤ ሦስቱም በየሰንበቱ አምላካቸው ፊት ቆመው ከዚህች አንዲት ነገር በቀር ሁሉን ሲነግሩት ኖረዋል።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«እኔ አንቺን? አንቺስ እኔን?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ያኔ ለአለቃ እንዳለችው፣ ሲሰሙት የሚያምር ነገር ማለት ትችል ነበር። ጫማ ሰፊው ማንኪያውን እንደያዘ ይጠብቃታል።

«እየሞከርኩ ነው» አለች።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ እውነት ነው» አለ።

ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው እግር የሚሠራበት ቦታ ሩቅ ከተማ ነው ያለው፤ መራመድ ለመማርም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሾፌሩ ሰው የለውም። ጫማ ሰፊው አብሬው እሄዳለሁ ሲል ማንንም አልገረመም። እሷም ልሂድ ማለት ትችል ነበር። ግን ያቺን ሸሚዝ ተኳሽ እናት ለማን ትታት? ሠርጉ ሳይፈርስ ፈረሰ፤ ማንም ቀርቷል ብሎ አላወጀም።

ሊሄድ ሲል የወስፌና የመዶሻ ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ መስኮቱ ሥር ቆመ። እሷ መጥረጊያ ይዛ ነበር፤ ያን ሰሞን ሥራዋ መጥረግ ነው። ጫማዋን አወለቀች።

«ተረከዜን አታይልኝም?»

«ዛሬ አላይም» አለ። «ካየሁት መሄድ ያቅተኛል።»

«ልጠብቅህ?»

ሣጥኑን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «አትጠብቂኝ» አለና ወጣ። በመስኮቱ ስታየው ተረከዙን እየጎተተ ነበር። ቤቱ መግባት እንደማይፈልግ ሰው ሳይሆን፣ ከቤቱ መውጣት እንደማይፈልግ ሰው።

* * *

ዓመታት አለፉ። አለቃ አንድ ቀን ሳይናገሩ ሽርጡን አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት። እናቷ ሸሚዙን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። እሷ ከመዘምራኑ ወጥታ አሁን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሊያገቧት የፈለጉ ሰዎች ጠይቀዋታል፤ በትሕትና መልሳቸዋለች። ቤቱ ከጉልበት በላይ የሆነውንም እግር መሥራት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት አንድ ሰው ምርኩዙን መሬት ላይ እየመታ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሾፌሩ ነው።

«ማቀፊያው ጠበበኝ» አለ። «እዚያም ይሠሩልኝ ነበር። እኔ ግን ወዳንቺ ነው የመጣሁት።»

አስቀመጠችው። ፋሻውን ነክራ ጠመጠመች፣ በመዳፏ አለሰለሰች። ጄሶው ይሞቅ ጀመር። ቀና ስትል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ቆማ አየችው። ወንድሟ መጣባት፤ ሁልጊዜም ይመጣል። ሕመሙ እንዳለ ነው። ከሕመሙ በላይ ግን ዛሬ ሌላ የምታስቀድመው አለ። ኮቷን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ከዚያ ጫማውን አየች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ አነሣችው። ስፌቱ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጣቷን በክሩ ላይ ቀስ ብላ አስኬደች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሰውየው ሲነቃ ጫማው አሁንም እጇ ላይ ነበር።

«እዚያው አጠገቤ ነው የሚኖረው» አለ ሾፌሩ ሳትጠይቀው። «እዚህ እንደምመጣ ስነግረው ወስፌውን ጨርቅ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ደህና መሆኗን እይልኝ አለኝ።»

አግብቷል ወይ ልትል ነበር። ጫማውን ወለሉ ላይ መልሳ አኖረች።

በሚቀጥሉት ቀናት ቅርጹን ራሷ ሞረደች። አጥንቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጄሶ በጠበጠች፤ ሳይደርቅ አውራ ጣት የምታህል አንሥታ ጨመረች፣ በጣቷም አለሰለሰቻት። ቅርጹን ለማሽኑ ሠራተኛ ራሷ ተሸክማ ወሰደች። እግሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ሾፌሩ የክፍሉን ርዝመት ደርሶ መልስ ተራመደ። ጫማ ሰፊው ይቀመጥበት የነበረው መስኮት ሥር ሲደርስ ዞረ።

«አያምም» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት? ዳግመኛ ዝም እንዳይሉኝ።»

«አልልሽም። አያምም።»

በሩ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። «ምን ልበለው?» አላት።

ልትናገር የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። አብዛኛውን ለብቻዋ ስትሆን ስትናገረው ኖራለች።

«ምንም አይበሉት» አለችው። «ጥቂት ወር ይሂዱበትና የጫማዎን ተረከዝ ያሳዩት።»